ዲክ ሃይማን እና የጃዝ ፒያኖ ስልቶች

ዲክ ሃይማን በ1927 ኒው ዮርክ የተወለደ አሜሪካዊ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ለዉዲ አለን ፊልሞች በሠራው ሙዚቃም ይታወቃል። ይህ ዳሰሳ ግን የሚያተኩረው ያለ አጃቢ፣ ብቻውን ፒያኖ ላይ ተቀምጦ የጃዝ ፒያኖን ስልቶች ከራግታይም (ከጃዝ ቀድሞ ከመጣው የፒያኖ ስልት) ጀምሮ በየተራ በሚያቀርብበት ሥራው ላይ ነው። ይኸው ሥራ በ2009 በአርበርስ ሬከርድስ «የጃዝ ፒያኖ ክፍለ ዘመን» በሚል ርዕስ በአምስት ሲዲና በአንድ ዲቪዲ ወጥቷል።

ሃይማን የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ የሬዲዮ ውድድር አሸንፎ ሽልማቱ ከስዊንግ (የ1930ዎቹ የዳንስ ጃዝ) ፒያኖ ተጫዋቹ ከቴዲ ዊልሰን ጋር 12 ትምህርት ሆነለት። በ1952 ከቢቦፕ (በ1940ዎቹ የመጣው ፈጣንና ውስብስብ ጃዝ) ፈር ቀዳጆች ከቻርሊ ፓርከርና ከዲዚ ጊለስፒ ጋር በቴሌቪዥን ተጫውቷል። ስለዚህ የስዊንግንም የቢቦፕንም ዘመን ከባለቤቶቹ እጅ የተቀበለ ሰው ነው።

ብቻውን የሚጫወት ሰው ፈተናው ግራ እጁ ነው፤ የባሱንም የከበሮውንም ሥራ ይሸከማል። ስልቶቹ ጎልተው የሚለያዩትም እዚሁ ላይ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ይህ የሚታየው በስትራይድ ነው። ከ1910ዎቹ መጨረሻ አንስቶ በኒው ዮርክ ሃርለም ያበበው ይህ ስልት ግራ እጅን በአንደኛውና በሦስተኛው ምት ወደ ታችኛው ባስ፣ በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ወደ መሃል ኮርድ (በአንድነት የሚመቱ ድምፆች) ያዘልለዋል። ስሙም ከዚሁ ሰፊ እርምጃ መጣ። ራግታይምም ተመሳሳይ ግራ እጅ አለው፤ ስትራይድ ግን ይፈጥናል፣ ዝላዩ ይረዝማል፣ ቀኝ እጅም ከተጻፈው ወጥቶ ይፈጥራል። በሃርለም ኪራይ የጎደለው ተከራይ ቤቱ ውስጥ ድግስ ደግሶ በር ላይ መግቢያ ያስከፍል ነበር። ጄምስ ፒ. ጆንሰን፣ «አንበሳው» የሚባለው ዊሊ ስሚዝና ፋትስ ዋለር በእንዲህ ያሉ ቤቶች እየተፈራረቁ ሲፎካከሩ ያነጉ ነበር። የጆንሰን «ካሮላይና ሻውት» የጀማሪዎች መፈተኛ ሆነ። ወጣቱ ዱክ ኤሊንግተንም ዜማው በቀዳዳ የተመዘገበበትን ወረቀት በራሱ በሚጫወት ፒያኖ ላይ አዘግይቶ፣ ጣቱን ብቻቸውን በሚወርዱት ቁልፎች ላይ እያኖረ አጠናው። ይህ ሰው ነው በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ኒሻን የተቀበለው።

የኒው ኦርሊንሱ ጄሊ ሮል ሞርተን ጃዝን በ1902 የፈጠርኩት እኔ ነኝ ይል ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች አይቀበሉትም። በ1938 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ዜማ ሰብሳቢው አላን ሎማክስ እየተጫወተ የተረከው ግን እስከ ዛሬ አቻ የለውም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 23 ቀን አልበርት አሞንስ፣ ሚድ ላክስ ሉዊስና ፒት ጆንሰን ቡጊ ውጊን ወደ ካርኔጊ አዳራሽ አስገቡ። በቡጊ ውጊ ግራ እጅ አንድ ሐረግ ሳያቋርጥ ይደጋግማል።

ኧርል ሃይንስ የግራ እጁን ምት ድንገት እየሰበረ፣ በቀኙ እንደ ትራምፔት የሚጮህ ዜማ አወጣ። ማየት የተሳነው ሊባል የሚችለው አርት ታተም (1909–1956) ደግሞ ሁሉንም ጠቀለለው። ብቻውን በመጫወት ከእርሱ የሚበልጥ ፒያኖ ተጫዋች ነበር የሚሉ አሉ፤ ማስረዳቱ የእነርሱ ፈንታ ነው።

በቢቦፕ ዘመን ባስና ከበሮ ምቱን ስለያዙ እንደ ባድ ፓወል ያሉ ፒያኖ ተጫዋቾች ግራ እጅ ወደ አጫጭር ኮርዶች ተሰበሰበ። ቴሎኒየስ መንክ ግን ብቻውን ሲጫወት ወደ ስትራይድ ይመለስ ነበር። ከዚያ በኋላ ቢል ኢቫንስ አለ፤ በ1975 በኮሎኝ ከተማ አንድ ምሽት ሙሉ ሳይዘጋጅ የፈጠረው ኪት ጃረትም አለ።

ሃይማን እነዚህን ሲያቀርብ ቅጂ አይደለም፤ ዜማውን በባለቤቱ ሰዋስው ራሱ ይፈጥረዋል። አንዳንድ ተቺዎች የራሱ ድምፅ በዚህ መሃል ጠፍቷል ይላሉ። ከ1985 ጀምሮ ለሃያ ዓመታት የመራውን በኒው ዮርክ የሚካሄደውን የሐምሌ ጃዝ ዝግጅት ለሩቅ ዘመዱ ለቢል ቻርላፕ አስረክቧል።