የሱፍ አበባ፣ የተጋደመ ስምንት፣ የጆሮ መድፈኛ፦ ኦቲስቲክ ሰዎች በጌጥ የሚያወሩት ቋንቋ

ኦቲዝም ፊት ላይ አይነበብም። አእምሮ ድምፅን፣ ብርሃንንና ሰውን የሚቀበልበት የተለየ መንገድ ነውና ከውጭ አይታይም። ዓይነ ስውር ነጭ በትር ይይዛል፤ መንገደኛው ያያል፣ ያሳልፈዋል። ኦቲስቲክ ሰው እንዲህ ያለ በትር የለውም። ታክሲ ውስጥ የተከፈተው ሙዚቃ ጆሮውን ሲበጣው፣ ወረፋ ላይ ከኋላው የሚጠጋው ሰው ሲያስጨንቀው፣ ሰላምታ ረዝሞበት ዓይኑን መሬት ላይ ሲተክል፣ የሚያየው ሰው «ኮርቷል» ወይም «ምን ነካው?» ይላል። ለዚህ ነው ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት፣ በተለይ በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ አንድ ዝምተኛ ቋንቋ ያደገው። ፊደሎቹ ፒን፣ አምባር፣ ሐብል፣ የባጅ ማንጠልጠያና ሄድፎን ናቸው። የሚያውቅ ያነበዋል። የማያውቅ ጌጥ መስሎት ያልፋል።

ጉዳዩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰው አንዱ ኦቲስቲክ እንደነበር ይገምታል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አንድ አንበሳ አውቶቡስ ጢም ብሎ ሲጫን ውስጡ አንድ ሰው ገደማ ማለት ነው።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። በአማርኛ «የኦቲዝም ተጠቂ» ማለት ተለምዷል። ብዙ ኦቲስቲክ ሰዎች ግን ኦቲዝምን እንደ በሽታ ሳይሆን አእምሯቸው የተሠራበት መንገድ አድርገው ነው የሚያዩት። ጥቃት ደርሶብኛል የማይልን ሰው ተጠቂ ማለት ይከብደኛል። ስለዚህ «ኦቲስቲክ ሰው» እላለሁ።

አንገት ላይ የታሰረ ነገር መናገር እንደሚችል ለእኛ አስተማሪ አያስፈልገንም። ማተብ ክር ነው፤ ግን ሰው ሳይጠይቅ ስለ ሃይማኖትህ ያውቃል። ማተብ ሌላም ነገር ያስተምራል። ሕፃኑ አንገት ላይ የሚያስሩለት ሌሎች ናቸው፤ ካደገ በኋላ ማሰር አለማሰሩ የራሱ ጉዳይ ይሆናል። የኦቲዝም ምልክቶች ታሪክም እዚችው ላይ ነው የሚሽከረከረው። ምልክቱን ማን አሰረው?

መጀመሪያ ያሰሩት ወላጆች ናቸው። በ1963 በለንደን አንድ የወላጆች ማኅበር (ዛሬ የእንግሊዝ ብሔራዊ የኦቲዝም ማኅበር የሚባለው) አርማ ፈለገ። ጄራልድ ጋሰን የሚባል የቦርድ አባል፣ እሱም ወላጅ ነበር፣ የፐዝል (ቁርጥራጩ ተገጣጥሞ ሥዕል የሚወጣው መጫወቻ) ቁራጭ ሳለ። ቁራጩ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ነበረበት። ኦቲዝም እንቆቅልሽ ነው፣ ልጆቹም በዚህ ይሰቃያሉ ለማለት ነው። ፐዝሉ ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1999 ባለብዙ ቀለም የፐዝል ሪባን መጣ። በ2005 የተቋቋመው ኦቲዝም ስፒክስ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ሰማያዊ ቁራጭ አርማው አደረገ። የተባበሩት መንግሥታት በ2007 ኤፕሪል 2ን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ብሎ ሲሰይም፣ ሰማያዊ መልበስና ሕንፃን በሰማያዊ መብራት ማድመቅ የዕለቱ ልማድ ለመሆን ጊዜ አልወሰደበትም።

ልጆቹ አደጉ። አድገውም «እኛ የጎደለን ቁራጭ የለም» አሉ። ፐዝል የሕፃን መጫወቻ ነው፣ እኛ አዋቂዎች ነን፤ ፐዝል ያልተፈታ ነገር ነው፣ እኛ የሚፈታ ችግር አይደለንም ነው ነገሩ። ይህ ስሜት ብቻ አልሆነም። 400 ሰዎች የተሳተፉበት አንድ ጥናት ሰዎች የፐዝል ቁራጭ ሲያዩ «ያልተሟላ» እና «የጎደለ» ከሚሉ ሐሳቦች ጋር እንደሚያያይዙት አሳየ። «ኦቲዝም» የተባለው የምርምር መጽሔት በ2018 ፐዝሉን ከሽፋኑ አነሳው። ያም ሆኖ ፐዝሉ አልሞተም። የልጃቸውን ምርመራ ትናንት የሰሙ ወላጆች ዛሬም ገዝተው ደረታቸው ላይ ይሰኩታል፣ መኪናቸው ላይ ይለጥፉታል። በእነሱ መፍረድ አይገባም፤ መጀመሪያ ያገኙት ምልክት እሱ ነው። ራሱ ኦቲስቲክ የሆነ አዋቂ ፐዝል አንጠልጥሎ ማየት ግን ብርቅ ነው።

ኦቲስቲክ አዋቂዎቹ የመረጡት የኢንፊኒቲን ምልክት ነው፤ የተጋደመውን ስምንት። አስፒስ ፎር ፍሪደም የተባለው ቡድን ጁን 18 ቀን 2005 የመጀመሪያውን የኦቲስቲክ ኩራት ቀን አከበረ፤ ቀስተ ደመና ቀለም ያለው ኢንፊኒቲም ከዚያ ዘመን ጀምሮ ከእንቅስቃሴው ጋር አብሮ ይታያል። መልእክቱ ቀላል ነው። መጨረሻ የሌለው ልዩነት፣ መጨረሻ የሌለው ዕድል። ቀስተ ደመናው ከኦቲዝም ሰፋ ብሎ ትኩረት ማሰባሰብ የሚቸግራቸውን፣ ማንበብ የሚከብዳቸውንና ሌሎችንም ስለሚያቅፍ፣ ኦቲዝምን ብቻ ማመልከት የሚፈልግ ሰው ወርቃማውን ይመርጣል።

ወርቅ የሆነበት ምክንያት ደስ ይላል። የወርቅ የኬሚስትሪ ምልክት ሁለት የላቲን ፊደላት ናቸው፤ ኤ እና ዩ። ኦቲዝም የሚለው ቃልም በእንግሊዝኛ የሚጀምረው በእነዚያው በሁለቱ ነው። እንግዲህ ሰምና ወርቅ የሚወድ ሕዝብ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሰሙ ቀጭን የወርቅ ሐብል ነው፤ መሥሪያ ቤት፣ ሠርግ፣ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ቢደረግ ማንም ቅንድቡን አያነሳም። ወርቁን የሚያገኘው ያው ሐብል ቤቱ ያለው ሰው ነው።

ጥበቡም ድክመቱም እዚህ ጋ ነው። ኢንፊኒቲ የሒሳብ ምልክት ነው፤ የፍቅረኞች ቀለበት ላይም ይቀረጻል። ካናዳ ውስጥ ሜቲስ የሚባለው ሕዝብ ሰማያዊ ባንዲራ መሃል ነጭ ኢንፊኒቲ አለ። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ያደረገው ሰውም ከጠየቁትና መናገር ካልፈለገ «ቅርጹን ወድጄው ነው» ብሎ መውጫ አለው። ምርመራውን አለቃው እንዲያውቅበት ለማይፈልግ ሰው ይቺ መውጫ ትልቅ ነገር ናት።

ለባልንጀራ ሳይሆን ለማያውቁት ሰው የሚታይ ምልክት ሲፈለግ የሱፍ አበባው ይመጣል። በ2016 የለንደኑ ጋትዊክ አየር ማረፊያ አንድ ጥያቄ ገጠመው። የማይታይ የአካል ጉዳት ያለበትን መንገደኛ ሠራተኛው እንዴት ይለየው? መልሱ አረንጓዴ የባጅ ማንጠልጠያ ሆነ፣ ቢጫ የሱፍ አበባዎች የታተሙበት። (ለእኛ ይህ አበባ የዘይት ጀሪካን ላይ ያለው ነው፤ ከሩቅ እንደሚለይ ጀሪካኑ ራሱ ምስክር ነው።) ማንጠልጠያው «ኦቲስቲክ ነኝ» አይልም። «የማታዩት ነገር አለብኝ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ» ነው የሚለው። የመርሳት ችግር ያለበትም፣ መስማት የሚቸግረውም፣ ሕመሙ ከውጭ የማይታይም ያደርገዋል። ኦቲስቲክ ሰዎች ግን የወደዱት ይመስላል፤ አየር ማረፊያ ማለት ጩኸት፣ መብራት፣ ወረፋና ድንገተኛ ለውጥ ባንድ ጣሪያ ሥር ማለት ነውና።

ከጋትዊክ ተነስቶ በእንግሊዝ ሌሎች አየር ማረፊያዎች፣ ሱፐርማርኬቶችና ባቡር ጣቢያዎች ገባ፤ ባሕርም ተሻገረ። በ2019 የሲያትል አየር ማረፊያ በአሜሪካ የመጀመሪያው ሆነ። ለእኛ መንገደኞች ቅርብ የሆነው የዱባይ አየር ማረፊያም ይሰጠዋል። ብዙ ቦታ በነፃ ነው፤ የሐኪም ወረቀት አይጠየቅም። ወረፋ ያስዘልላል ብሎ የሚያስብ ካለ ግን ተሳስቷል። የሚያስገኘው ቀስ ያለ ንግግርና ትዕግሥት ነው፤ ሠራተኛው ሥልጠናውን ካልወሰደ እሱም የለም። በኮሮና ጊዜ ማስክ ላለማድረግ ሲሉ ብቻ ማንጠልጠያውን ያጠለቁ ሰዎች መኖራቸው በእንግሊዝ ብዙ አነጋግሯል። በእምነት የሚሠራ ምልክት ሁሌም ይህ ችግር አለበት።

ጃፓን የራሷን መንገድ ሄዳለች። የቶኪዮ አስተዳደር በ2012 ቦርሳ ላይ የሚንጠለጠል ቀይ ምልክት ማደል ጀመረ፤ ላዩ ላይ ነጭ መስቀልና ነጭ ልብ አለበት። እሱም ለኦቲዝም ብቻ አይደለም። አንገት ላይ ሳይሆን ቦርሳ ላይ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ እንዲታይ ካልፈለጉ ቦርሳውን ማዞር ነው።

ከሁሉም ብልህ ሆኖ የማየው ግን ኦቲስቲክ ሰዎች ለራሳቸው ስብሰባ የፈጠሩትን ባጅ ነው። ጂም ሲንክሌርና ጓደኞቹ ያቋቋሙት የአሜሪካ ማኅበር ከ1996 ጀምሮ ኦትሪት የሚባል ጉባኤ ያካሂድ ነበር፤ ኦቲስቲክ ሰዎች ለኦቲስቲክ ሰዎች ያዘጋጁት። እዚያ ነው ባለቀለም ባጅ የተለመደው። አረንጓዴ ከሆነ «አዋሩኝ፤ ወሬ መጀመር ይከብደኝ ይሆናል እንጂ ማውራት እፈልጋለሁ» ማለት ነው። ቢጫ «የማውቀው ሰው ብቻ ያናግረኝ» ነው። ቀይ ደግሞ «አሁን ማንም አያናግረኝ»፤ ባለቀዩ ራሱ መጥቶ ካወራ ግን ችግር የለም። ቀለሙ እንደ ስሜቱ በቀን አሥሬ ሊቀየር ይችላል። በኋላ ሌሎች ጉባኤዎችም ወሰዱት፣ ኦቲስቲክ ያልሆኑ ሰዎች የሞሉባቸው ጭምር። የለቅሶ ድንኳን ውስጥ አንድ ቢጫ ባጅ ብትኖረኝ ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ።

ሌላው ወገን ዕቃ ነው፤ ምልክት እንዲሆን ያልታሰበ፣ ግን ምልክት የሆነ። ትልቅ ሄድፎን ያደረገ ሰው ሙዚቃ ላይሰማ ይችላል፤ ጩኸት እየከለከለ ነው። የጆሮ መድፈኛ ዛሬ የጆሮ ጌጥ መስሎ በወርቅና በብር ቀለም ይሸጣል። ጣት ላይ የሚሽከረከር ቀለበት፣ የሚታኘክ የሲሊኮን ሐብል፣ በኪስ የሚያዝ ሸካራ ድንጋይ አለ። በ2017 ፊጀት ስፒነር የሚባለው በጣት የሚሽከረከር መጫወቻ ዓለምን ሲያጥለቀልቅና ትምህርት ቤቶች መከልከል ሲጀምሩ፣ መጫወቻው በትክክል የሚያስፈልጋቸው ልጆች አብረው ተቀጡ። እኔ ሳየው እኛ አገር ለዚህ የሚሆን ነገር ድሮም አለ። ቁጭ ብሎ መቁጠሪያ ወይም ሙስባሃ የሚቆጥርን ሰው ማንም «እጅህን አሳርፍ» አይለውም። መንገድ ላይ መፋቂያ የሚያኝክን ሰው ማንም አያፈጥበትም። የነጠላዋን ጫፍ ስትፈትል የምትውል ሴትም እንዲሁ። ሰውነትን የሚያረጋጋ ድግግሞሽ ልማድ ሲያለብሱት አይታይም።

ሁሉም ሰው መታየት አይፈልግም፤ ምክንያትም አለው። ተጋላጭ መሆንህን አንገትህ ላይ ማንጠልጠል ለሚያጭበረብርም ለሚያፌዝም ጥቆማ ነው። ለዚህ ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ይመረጣል። በሰሜን አየርላንድ ከ2012 ጀምሮ «አንድ ደቂቃ ስጠኝ» የሚል ትንሽ ካርድ አለ። በአሜሪካዋ ኮኔቲከት ከ2020 ጀምሮ ኦቲስቲክ አሽከርካሪ ከፈለገ መንጃ ፈቃዱን በሰማያዊ ፖስታ ይይዛል። ፖሊስ ሲያስቆመው ፖስታውን ያሳያል፤ ፖስታው ላይ ለፖሊሱም ለአሽከርካሪውም መመሪያ ታትሟል። ዓይን ለዓይን አለመተያየት ወይም መንተባተብ እንደ ጥፋት እንዳይቆጠር ነው። ሌሎች ግዛቶችም ተከትለዋል። ዲያስፖራ ላይ ላሉ የእኛ ቤተሰቦች፣ መኪና መንዳት የጀመረ ኦቲስቲክ ልጅ ላላቸው፣ የሚኖሩበት ግዛት ይህ እንዳለው መጠየቅ አይከፋም።

ኢትዮጵያ ውስጥስ? ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት በማጣታቸው በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ከፈቱ። ከዚያ በፊት ነገሩ ስም እንኳ አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ እርግማን፣ ቡዳ፣ ባለጌ አስተዳደግ ይባል ነበር። ዛሬም የሚሉ አሉ። ልጁ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ክታብ የሚሆንበት ቤት አለ። ሌላው የሚያደርግለት አምባር ነው፣ የእናቱ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት፤ ከቤት ወጥቶ ለሚጠፋ ልጅ ከየትኛውም ፒን ይጠቅማል። ይህ የወላጅ ምልክት ነው፤ የሚያስፈልግም ነው። አዋቂው ኦቲስቲክ ሰው ራሱ መርጦ የሚያደርገው ምልክት ግን ገና አንባቢ አላገኘም። ቦሌ ላይ ወርቃማ ኢንፊኒቲ ደረቱ ላይ የሰካ ሰው ብናይ የሒሳብ አስተማሪ ነው ብለን እናልፋለን። ከሰዉ መሃል አንዱ ግን ቆም ብሎ፣ ዓይን ዓይኑን ሳያይ፣ «ፒንህን ወደድኩት» ሊለው ይችላል።