«ሞክሬው አልተካፈለም»፦ ስለ 4,294,967,297 የምሰማቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ። በየዓመቱ ሰሌዳው ላይ 4,294,967,297 ብዬ እጽፍና «ይሄ ፕራይም ነው?» እላለሁ። ፕራይም ማለት ከ1 እና ከራሱ ሌላ አካፋይ የሌለው ቁጥር ነው። በየዓመቱም ያንኑ መልስ እሰማለሁ። እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል።

«መጨረሻው 7 ስለሆነ ፕራይም ነው።» 57ም መጨረሻው 7 ነው፤ 3 ጊዜ 19 ነው። እንለፈው።

«ትልቅ ቁጥር ብዙ አካፋይ አለው።» የግድ አይደለም። ይሄ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር ያለው አራት ብቻ ነው። ትንሿ 12 ስድስት አላት።

«ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7፣ ለ11 ሞከርኩት፤ እምቢ አለ። ስለዚህ ፕራይም ነው።» ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። አሃዞቹ ሲደመሩ 59 ነው፣ ስለዚህ ለ3 አይካፈልም፤ እሺ። ግን አምስት በር ያንኳኳ ሰው «ሰፈሩ ባዶ ነው» ይላል እንዴ? እስከ ስኩዌር ሩቱ (በራሱ ሲባዛ ቁጥሩን የሚሰጠው)፣ ማለትም እስከ 65,536 ገደማ ያሉትን ፕራይሞች በሙሉ መሞከር አለባችሁ። ከዚያ በላይ አያስፈልግም፤ አንዱ አካፋይ ከስኩዌር ሩቱ ከበለጠ አብሮት የሚባዛው የግድ ያንሳል። እነዚያ ፕራይሞች ደግሞ 6,542 ናቸው። እናንተ አምስቱን ሞክራችሁ እርሳስ ታስቀምጣላችሁ!

ደግነቱ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፌርማም በ17ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ጋ ተሳስቷል። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65,537 ፕራይም ናቸው። የሚመጡትም በየተራ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እና 16 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመደመር ነው። በ32 ሁለቶች ስትሠሩት የኛ ቁጥር ይመጣል። ፌርማ «አምስቱ ፕራይም ከሆኑ ይሄም ነው» ብሎ ገመተ። እ.ኤ.አ. በ1732 ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ገመናውን አወጣው፦ 641 × 6,700,417። መንገዱንም ኋላ ላይ ራሱ ገልጾታል። የዚህ ቁጥር ፕራይም አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። እንዲህ ያሉት ፕራይሞች 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 እያሉ ይሄዳሉ። አምስተኛው ላይ ተያዘ።

«ካልኩሌተሩ ይካፈላል ብሏል።» በኅዳር ውርጭ፣ በጠዋቱ አንድ ተማሪዬ ጋቢውን ተከናንቦ ቤቴ መጣ። እህል ነጋዴ አባቱን ካልኩሌተር ተውሷል። ለ65,537 አካፍሎት 65535.00003 ይላል።

«ቲቸር፣ ያቺ 3 እኮ ኢምንት ናት» አለኝ።

ጤፍ ሲመዘን ኢምንት ይኖር ይሆናል፤ እዚህ የለም። ካልኩሌተር እንዲህ ነጥብ ሲያወጣላችሁ ከነጥቡ በፊት ያለውን መልሳችሁ አባዙና ቀንሱ። 65,535 በ65,537 ሲባዛ 4,294,967,295 ነው። 2 ተረፈ። አልተካፈለም ማለት ነው። (ባለ 8 አሃዟ ካልኩሌተርማ ቁጥሩን ራሱን አትቀበልም።)

ልጁ ፊቱን ቅጭም አድርጎ «641ስ ግን በምን ይታመናል?» አለ። በወረቀት ሥራው ብዬ ሰደድኩት። በማግስቱ ደብተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ሦስት ቦታ ሰርዟል፣ ገጹ በላጲስ ተቀዷል፣ ታች ጥግ ላይ ቀሪ 0 ተጽፎ ሁለቴ ተከቧል።