ፎርማት ማድረግ ምንድን ነው?

ጅማ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጥገና ቤቶች ደጃፍ ጥቂት የቆመ ሰው አንድ ጥያቄ መስማቱ አይቀርም፤ «ወንድሜ፣ ፎርማት ቢደረግ ፋይሌ ይጠፋል?» መልሱም የታወቀ ነው፤ «ዲ ላይ ካለ አይጠፋም፣ እህቴ።» ውሸት አይደለም። ግን ተማሪዋ ሪሰርቿን የት እንዳስቀመጠች ማንም አልጠየቃትም።

ፎርማት ማድረግ ማለት አንድን የዲስክ ክፍል ፋይል መቀበል እንዲችል አዲስ የፋይል ሥርዓት ማስያዝ ነው። ሀርድ ዲስክ ለራሱ ፋይል ወይም ፎልደር የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሴክተር የሚባሉ፣ ቁጥር የተሰጣቸው ትንንሽ ክፍሎችን ነው። አንዱ ሴክተር በቆዩት ዲስኮች 512 ባይት፣ በኋላ በመጡት በብዙዎቹ ደግሞ 4096 ባይት ይይዛል። ባለ 512 ባይት ከሆነ፣ በ500 ጊጋባይት ዲስክ ላይ ወደ አንድ ቢሊዮን የሚጠጉ ሴክተሮች አሉ ማለት ነው። የትኛው ፋይል የትኞቹን እንደያዘ፣ የትኞቹ ባዶ እንደሆኑ የሚመዘግብ ከሌለ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ትርጉም የለሽ የቁጥር ክምር ነው። የፋይል ሥርዓት የሚባለው ይህ መዝገብና የአያያዝ ደንቡ ነው።

ዊንዶውስ የሚጫንበት ክፍል የሚያዘው እ.ኤ.አ. በ1993 ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር በመጣው ኤንቲኤፍኤስ ነው። ሊኑክስ በአብዛኛው ኤክስት4ን ይመርጣል። ፍላሾች ላይ የምናገኘው ፋት32 ወይም ኤክስፋት ነው። ባዶ የ16 ጊጋባይት ፍላሽ ረጅሙን የሰርግ ቪዲዮ አልቀበልም ቢል፣ ፍላሹ ተበላሽቶ ሳይሆን ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል መያዝ ስለማይችል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የጅማ ሰው የቡና መጋዘን ያውቃል፤ የትኛው ጆንያ የማን እንደሆነና የት እንደተደረደረ የሚነግረው መዝገቡ ነው። ፈጣን ፎርማት የሚያደርገው አሮጌውን መዝገብ ጥሎ ባዶ መዝገብ መክፈት ብቻ ነው። ጆንያዎቹ ካሉበት አልተነሱም። ቀጥሎ የሚመጣው ጭነት ግን ቦታው ባዶ ነው ተብሎ እዚያው ይራገፋል፤ የቀድሞው በእርግጥ የሚጠፋው ያን ጊዜ ነው። ፈጣን ፎርማት በሰከንዶች የሚያልቀውም፣ እንደ ሬኩቫ ያሉ ፕሮግራሞች «ጠፋ» የተባለውን ፎቶ ፈልፍለው የሚያወጡትም ለዚህ ነው። በስህተት ፎርማት ያደረገ ሰው እጁን መሰብሰብ አለበት፦ ዲስኩ ላይ ምንም አይጻፍ፣ የማስመለሻው ፕሮግራም ራሱ በሌላ ዲስክ ላይ ይጫን።

ሙሉ ፎርማት ሌላ ነገር ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት በእያንዳንዱ ሴክተር ላይ ዜሮ ይጽፋል፣ የተበላሹትንም ለይቶ ያወጣል። በትልቅ ሀርድ ዲስክ ላይ ሰዓታት ይወስዳል። በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ግን ሙሉ የተባለውም ቢሆን የተበላሸ ሴክተር ከመፈለግ በቀር የቆየውን ዳታ አይነካም ነበር። ላፕቶፑን መርካቶ አውጥቶ ሊሸጥ ያሰበ ሰው ልዩነቱን ማወቅ አለበት፤ በፈጣን ፎርማት ብቻ የተሸጠ ሀርድ ዲስክ የቤተሰብ ፎቶና የመታወቂያ ቅጂ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የላፕቶፑ ዲስክ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣኑ ዓይነት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ ላይ ፎርማት ሲደረግ ዊንዶውስ «እነዚህ ቦታዎች ከእንግዲህ አያስፈልጉም» የሚል ትሪም የተባለ ትእዛዝ ይልካል፣ ዲስኩም በራሱ ጊዜ ያጸዳቸዋል። ስለዚህ ከኤስኤስዲ ላይ ፋይል ማስመለስ ብዙውን ጊዜ አይሳካም።

ወደ ዲ እና ዊንዶውሱ ወዳለበት ወደ ሲ እንመለስ። ሁለቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዲስክ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በየቤቱ ፓርቲሽን እየተባሉ የሚጠሩት። ሲ ብቻ ፎርማት ሲደረግ ዲ እንዳለ ይቀመጣል፣ ባለሙያው ያለው ይህንኑ ነው። ያላለው ደግሞ ዴስክቶፕ፣ ዶክመንትስ እና ዳውንሎድስ ካልተዛወሩ በስተቀር ሁሉም ሲ ውስጥ መሆናቸውን ነው። በኮምፒውተር ቴሌግራም የወረደው ሁሉ፣ ብራውዘሩ ያስታወሳቸው የይለፍ ቃሎች፣ ዴስክቶፕ ላይ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ» እየተባለ የተከመረው መመረቂያ ጽሑፍ፣ አብሮ ይሄዳል። ዲ ላይ መገልበጥም ባክአፕ አይባልም። ዲስኩ ራሱ ከሞተ ሁለቱም አብረው ይሞታሉ። ኤክስተርናል ወይም ሌላ ኮምፒውተር ላይ ያልተቀመጠ ፋይል አልተቀመጠም።

ዊንዶውስ ሲጫን ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፣ እኔ ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። የዊንዶውስ መጫኛው ዲስኮቹን ሲዘረዝር ሲ ወይም ዲ ብሎ አይጽፍም፤ «ድራይቭ 0 ፓርቲሽን 3» ብሎ መጠናቸውን ያሳያል። ሁለቱ ክፍሎች እኩል 250 ጊጋባይት ከሆኑ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት በግምት ሊሆን ነው። ስለዚህ ዊንዶውሱ ገና እየሠራ ሳለ ዲን በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ፋይሎቼ» የሚል ስም መስጠት ይሻላል፤ መጫኛው ስሙን ያሳያል። ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ተሰክቶ ከቀረ እሱም በዝርዝሩ ውስጥ ይገባል፣ አስቀድሞ ይነቀል። ዲሊት የሚለው ፓርቲሽኑን ራሱን ሲያፈርስ፣ ፎርማት የሚለው ግን ክፍሉን እንዳለ ትቶ መዝገቡን ያድሳል። ሁሉንም ዲሊት እያለ የሚወርድ እጅ ዲንም ይዞ ይወርዳል። ሲን ሳይነኩ መርጦ ዝም ብሎ ማስቀጠልም ይቻላል፤ ያኔ የድሮው ዊንዶውስና የተጠቃሚው ፋይሎች ዊንዶውስ.ኦልድ በሚባል ፎልደር ውስጥ ይቀመጣሉ። ቫይረስ ላልያዘው ኮምፒውተር መጥፎ መንገድ አይደለም።

ፎርማት በእርግጥ ያስፈልጋል ወይ? ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ የተንቀረፈፈው ሀርድ ዲስኩ እያረጀ ወይም ራም አንሶት ከሆነ ፎርማት ለጥቂት ሳምንት ቢያሻሽለው ነው። ፍላሽ ላይ ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነው ሲታዩ ደግሞ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ደብቋቸዋል እንጂ። ፎርማት ማድረግ ያልጠፋውን ማጥፋት ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት አስደርጎ ያንኑ ፍላሽ መልሶ መሰካትም ድካሙን ከንቱ ማድረግ ነው። በሌላ በኩል ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ፣ ዊንዶውስ 11 ለመጫን የሚመጣው ሰው በቂ ምክንያት አለው፤ ላፕቶፑ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የደህንነት ክፍል እንዳለው ግን መጀመሪያ ይታይ። ቻርጁ ሳይሞላ አይጀመር። መብራት ሄዶ ፎርማቱ ቢቋረጥ መድገም ነው፤ መጫኑ መሃል ላይ ከተቋረጠ ግን ሥራው ሁሉ እንደገና ሊጀመር ይችላል።

አንድ የሚረሳ ነገር ፎንት ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የቆዩ የአማርኛ ደብዳቤዎች አሉ፤ የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደሎች የጋራ የኮምፒውተር መለያ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየቡ፣ ከዚያም በኋላ በልማድ በእነሱ የቀጠሉ። ፎርማት ከተደረገ በኋላ እነዚህ ሲከፈቱ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናሉ፣ ጸሐፊዋም ፋይሉ ተበላሸ ትላለች። እዚያው ቢሮ በቁቤ የተጻፈው የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ ምንም አይሆንም፣ ፊደሉ መጀመሪያውኑ ላቲን ነውና። የአማርኛውም አልተበላሸም፤ ፎንቱ ሲመለስ ጽሑፉ ይመለሳል። ስለዚህ ፎርማቱ ከመጀመሩ በፊት ሲ ውስጥ ካለው የዊንዶውስ ፎልደር «ፎንትስ» የሚለውን ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ የአማርኛ መተየቢያው የፓወር ግዕዝ መጫኛም ካለ ከእሱ ጋር ማስቀመጥ ነው።