ምግብ ቤት መስኮት ላይ የሚለጠፈው «ኤ» ምንድን ነው?

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ «ሊትል ኢትዮጵያ» ክትፎ ሊበላ የሄደ ሰው ሜኑውን ሳያይ በፊት መስኮቱ ላይ አንድ ትልቅ ፊደል ያያል። ባለቤቱ ለጌጥ የለጠፈው አይደለም፤ የካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) ጤና መምሪያ ተቆጣጣሪ ሳይታሰብ መጥቶ፣ ጓዳውን ፈትሾ የሰጠው ማርክ ነው። ከ100 ይጀመርና በየጥፋቱ ይቀነሳል። 90ና ከዚያ በላይ «ኤ»፣ ከ80 እስከ 89 «ቢ»፣ ከ70 እስከ 79 «ሲ»። ከ70 በታች ለወረደ ፊደል የለውም፤ ቁጥሩ ራሱ ይለጠፍበታል።

ጥፋት ሲባል የግድ አይጥና በረሮ አይደለም። ጠዋት የተሠራ ወጥ ምድጃ ጥግ ተቀምጦ፣ እንግዳ ሲመጣ ሞቅ ተደርጎ ይቀርባል፤ እኛ ቤት ማን ነውር ይለዋል? በካሊፎርኒያ ሕግ ግን ትኩስ ሆኖ የሚቆይ ምግብ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረድ፣ ፍሪጅ ያለው ደግሞ ከ5 መብለጥ የለበትም። ተቆጣጣሪው ቴርሞሜትሩን ድስቱ ውስጥ ይከታል፤ «አሁን ነው ያወረድነው» ማለት አያዋጣም።

ቁጥጥሩ ድሮም ነበር፤ ውጤቱ ግን ፋይል ውስጥ ያድር ነበር። በ1997 መገባደጃ (ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን ነው) አንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ በድብቅ ካሜራ የየጓዳውን ጉድ አሳየ፤ ሕዝቡ ተቆጣ፤ በ1998 መግቢያ ደንቡ ሥራ ላይ ዋለ። መቀጮ ከፍሎ የሚረሳ ባለቤት፣ ደንበኛ ከበር ሲመለስበት ይደነግጣል ተብሎ ነው።

ሠርቷል? በ2003 የወጣ ጥናት በምግብ ወለድ በሽታ ሆስፒታል የሚተኛው ሰው ወደ 20 በመቶ ቀንሷል አለ። ብዙ ከተማ ይህን ጠቀሰ፤ ኒው ዮርክም በ2010 ፊደል መለጠፍ ጀመረች። በ2019 ግን ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና አገላብጠው፣ ቅናሹ በአካባቢው የነበረ የሳልሞኔላ (በምግብ የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ወረርሽኝ በዚያው ሰሞን በመብረዱ የመጣ ነው አሉ። እኔም ፊደሏን እንደ ጤና ዋስትና አላያትም፤ ተቆጣጣሪው የመጣበትን የአንድ ቀን ጓዳ ነው የምትነግረኝ። ቢሆንም ከምትደበቅ ብትለጠፍ ይሻላል።

መለጠፉ ግዴታ ካልሆነ ደግሞ ነገሩ ይበላሻል። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ነጥቡ ከ0 እስከ 5 ነው። ዌልስ ከ2013 ጀምሮ አስገድዳለች፤ እንግሊዝ ግን ለባለቤቱ ፈቃድ ትታዋለች። 1 ያገኘ ማን ይለጥፋል? ለንደን ላይ መስኮቱ ባዶ የሆነበት ቤት ከገጠማችሁ፣ ስሙን የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት፤ ነጥቡ እዚያ አለ።