ኤሊያስ አዲስ ታይፕ አይደለም፦ የጎላንግ ኮድ ስንመረምር የምንሳሳታቸው ነገሮች

በጎላንግ (Go) የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ኮድ የሚመረምር አንድ መሣሪያ ነበረኝ። ቨርዥኑን ባሳደግኩ ማግስት፣ ይይዛቸው የነበሩትን ስህተቶች ማለፍ ጀመረ። አልተቋረጠም፣ ምንም አላስጠነቀቀም፤ ዝም አለ። ምክንያቱ ታይፕ ኤሊያስ (type alias)፣ ማለትም ለታይፕ (ለዳታ ዓይነት) የሚሰጥ ሌላ ስም ነበር። ያን ጊዜ እኔም ከማምንባቸው፣ ዛሬም ከብዙ ሰው ከምሰማቸው ስህተቶች ልጀምር።

«ኤሊያስ አዲስ ታይፕ ይፈጥራል»

አይፈጥርም። ላለ ታይፕ ሌላ መጠሪያ ይሰጣል እንጂ። አባ ዳኘው ማለት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ የፈረስ ስማቸው ሁለት ሰው አያደርጋቸውም። በጎላንግ ልዩነቱ ያለው በአንዲት የእኩል ምልክት ላይ ነው፦ ካለች ኤሊያስ፣ ከሌለች ራሱን የቻለ ታይፕ። የታይም ፓኬጅ ዱሬሽን (የጊዜ ርዝመት መያዣ ታይፕ) ከኢንት64፣ ከተራ የሙሉ ቁጥር ታይፕ፣ ቢወለድም ኢንት64 አይደለም፤ የራሱ ሜተዶች (የሚጠሩበት ፈንክሽኖች) አሉት። ባይት ግን ራሱ ዩኢንት8 ነው፣ ሩንም ኢንት32።

ፕሮግራመሮች የራሳቸውን ኤሊያስ መጻፍ የቻሉት በ2017 በወጣው የጎላንግ ቨርዥን 1.9 ነው (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። የተፈለገውም ታይፕን ከፓኬጅ ወደ ፓኬጅ ቀስ በቀስ ለማዛወር ነበር። በ2021 በ1.16 ፋይልሞድ የሚባለው ታይፕ ከኦኤስ ፓኬጅ ወደ አዲሱ የኤፍኤስ ፓኬጅ ሲሄድ፣ በድሮ ቦታው ኤሊያስ ስለቀረለት የቆየው ኮድ ሳይነካ ቀጠለ።

«ኤሊያሱን ለመፍታት (የቆመለትን ታይፕ ለማግኘት) ስሙን በጽሑፍ ፈልጎ መተካት ይበቃል»

ያው ስም በሌላ ስኮፕ (ስሙ በሚሠራበት የኮድ ክልል) ሌላ ነገር ነው። ከቋንቋው ጋር የሚመጣውን ኤኒ (any) የተባለ የባዶ ኢንተርፌስ ኤሊያስ እንኳ አንድ ፕሮግራመር በራሱ ፓኬጅ ለሌላ ታይፕ ሊሰጠው ይችላል። በሲ ቋንቋ ደግሞ «ሀ * ለ;» ማባዛት ይሁን የፖይንተር ዲክላሬሽን፣ ሀ በታይፕዴፍ (በሲ ለታይፕ ስም መስጫ) የተሰየመ መሆኑን ሳያውቅ፣ ኮዱን የሚተነትነው ፓርሰር ራሱ መለየት አይችልም።

«መፍታት ማለት እስከ ሥሩ መውረድ ነው»

ብዙ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ይህ ነው። አንኤሊያስ የሚባለው ፈንክሽን ኤሊያሱን ብቻ ገልጦ ዱሬሽን ላይ ሲደርስ ይቆማል። አንደርላይንግ የሚባለው ግን ዱሬሽንንም ገፎ ኢንት64 ያደርገዋል። ሁለት ዱሬሽኖች እርስ በርስ ሲባዙ ለመያዝ የተጻፈ መርማሪ በአንደርላይንግ ከሄደ፣ የሚያየው ተራ የቁጥር ማባዛት ብቻ ነው። ሊይዘው የመጣውን ነገር በገዛ እጁ አጥፍቶታል።

«ታይፕ ቼከሩ ስለሚያጠፋው መርማሪው ኤሊያስ አያጋጥመውም»

ድሮ እውነት ነበር። ታይፖችን የሚፈትሸው የጎላንግ የታይፕስ ፓኬጅ ኤሊያስን ወዲያው በዋናው ታይፕ ይተካው ስለነበር፣ የስህተት መልእክቶችም ፕሮግራመሩ ያልጻፈውን ስም ይዘው ይመጡ ነበር። በየካቲት 2024 (እንደ ፈረንጆቹ) የወጣው 1.22 ኤሊያስን በቼከሩ ውስጥ ራሱን የቻለ ኖድ (የራሱ መግለጫ ያለው) አደረገው፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በወጣው 1.23 ደግሞ ይህ አሠራር ነባሪ ሆነ። የእኔ መሣሪያ ዝም ያለው በዚህ ነው፦ እያንዳንዱን ታይፕ «ኔምድ (የራሱ ስም ያለው ታይፕ) ነህ?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቃል፣ የሚያገኘው ግን ኤሊያስ ነው፣ ስለዚህ ያልፈዋል። ማስተካከያው ከጥያቄው በፊት አንኤሊያስን መጥራት፣ አንዲት መስመር ብቻ ነበር።

«አንዴ ከፈታሁ አለቀ»

አንኤሊያስ የሚፈታው ላይኛውን ብቻ ነው። የስላይስ (የዝርዝር) ኤለመንት ኤሊያስ ከሆነ፣ ስላይሱን መፍታት ውስጡን አይነካም፤ ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ደግማችሁ መፍታት አለባችሁ። ሁለት ታይፖችን ስታወዳድሩም አይደንቲካል በሚባለው ፈንክሽን ይሁን። በድርብ የእኩል ምልክት ባይትና ዩኢንት8 እንኳ የተለያዩ ሆነው ይወጣሉ።

«ከፈታሁ በኋላ የኤሊያሱ ስም አያስፈልግም»

ያስፈልጋል፤ መልእክቱን የሚያነበው ሰው ነው። ኤኒ ብሎ ለጻፈ ሰው «ባዶ ኢንተርፌስ» እያላችሁ ስህተቱን ብትነግሩት፣ ኮዱ ውስጥ የሌለ ነገር ሲፈልግ ይውላል። ስለዚህ የተፈታውን ታይፕ ለፍተሻው በሌላ ቫሪያብል ያዙት፣ መልእክቱ ላይ ግን እሱ የጻፈውን ስም አትሙለት።