ቦርሳው ስንት ይሸጥ? በእጅ ሥራ ቦርሳ ዋጋ ላይ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብዙ ቦርሳ ሠሪ የሚከስረው ስፌቱ ስለከፋ አይደለም። ዋጋ ሲያወጣ የሚዘለው ነገር ስላለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለው ደግሞ የራሱን ድካም ነው። ከታች ያሉት አባባሎች በየቦርሳ መሥሪያውና በየባዛሩ የሚሰሙ ናቸው። ስሌቱን ለማሳየት አንድ የቆዳ የትከሻ ቦርሳ እንይዛለን፦ ወርዱ 35፣ ቁመቱ 30፣ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ገበርና ዚፕ ያለው። የብሩ መጠን ለምሳሌ የተቀመጠ ነው፤ በራሳችሁ የግዢ ዋጋ ተኩት።

«የዕቃውን ወጪ በሁለት ወይም በሦስት ማባዛት ይበቃል»

ቀላል ስለሆነ የተወደደ ዘዴ ነው። የሚያዋጣው ግን የዕቃው ወጪና የሥራው ሰዓት አብረው ሲጨምሩና አብረው ሲቀንሱ ብቻ ነው፤ በእጅ ሥራ ደግሞ እንዲህ አይሆንም። ፊቷ ላይ የእጅ ጥልፍ ያለባት፣ የ300 ብር ዕቃ የገባባት ትንሽ ቦርሳ ስድስት ሰዓት ትፈጃለች እንበል። በሦስት ሲባዛ 900 ብር ነው። የሰዓቱን የእጅ ዋጋ 150 ብር ብታደርጉት ድካሙ ብቻ 900 ብር ደረሰ። ዕቃውን በነፃ ሰጣችሁ ማለት ነው።

ሦስት ነገር ለየብቻ ይደመር፦ ዕቃ፣ የእጅ ዋጋ፣ የመሥሪያ ቦታው ወጪ። በትከሻ ቦርሳችን ላይ ቆዳው 850 ብር፣ ገበሩ 150፣ ዚፑ ከነመጎተቻው፣ ቀለበቱና ማያያዣው 210፣ ክር፣ ማስቲሽና የጠርዝ ቀለም 60፣ ማሸጊያው 80 ብር ነው። የዕቃው ድምር 1,350 ብር። አምስት ሰዓት በ150 ብር 750 ይሆናል። የወሩ ኪራይ፣ መብራት፣ ስልክ፣ ትራንስፖርትና የስፌት ማሽን ጥገና 12,000 ብር ቢሆንና በወር 30 ቦርሳ ብታወጡ የአንዱ ድርሻ 400 ብር ነው። ቦርሳው እናንተን ራሳችሁን የሚያስወጣችሁ 2,500 ብር መሆኑ ነው። 750 ብር ትርፍ ስትጨምሩበት 3,250 ይመጣል።

የእጅ ዋጋና ትርፍ አንድ አይደሉም። የእጅ ዋጋው ለሰፊው ነው፤ ያ ሰፊ እናንተው ብትሆኑም ሌላ ሰው ቀጥራችሁ የምትከፍሉት ያህል ይታሰብ። ትርፉ ለሥራው ነው፤ አዲስ መርፌ፣ የሚቀጥለው ወር ቆዳ፣ ሳይሸጥ የከረመው ቦርሳ የሚሸፈነው ከእሱ ነው።

ሰዓቱ በግምት አይያዝ። ሦስት ቦርሳ በተከታታይ ሲሠራ ሰዓት ይዛችሁ አማካዩን ውሰዱ። በአንድ የተሳካ ቀን የወጣውን ፈጣኑን መውሰድ ራስን ማታለል ነው። ቆዳ መምረጥና ቅዱን መደርደር፣ መቁረጥ፣ ጠርዝ ማሳሳት፣ ማስቲሽ መቀባት፣ በወስፌ መብሳት፣ መስፋት፣ የክር ጫፍ መቋጨት፣ የፈሰሰ ማስቲሽ ማጽዳት፣ ፎቶ ማንሳትና ለደንበኛ መልስ መስጠት ሁሉ ሰዓት ይበላሉ።

«ቦርሳው 5.3 ስኩዌር ፊት ከበላ 5.3 እገዛለሁ»

ብዙ ገንዘብ ሳይታይ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። የቁራጮቹን ስፋት እንደምር። የፊትና የኋላው የስፌት ትርፍ ተጨምሮ እያንዳንዳቸው 38 በ33፣ ጎንና ታቹን የሚዞረው 104 በ12፣ ማንገቻው 110 በ4 የሆኑ ሁለት ቁራጮች፣ ኪስና ማያያዣ ወደ 300 ካሬ ሳንቲ ሜትር። ድምሩ 4,936 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። አንድ ስኩዌር ፊት 929 ካሬ ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 5.3 ስኩዌር ፊት ይመጣል።

ቆዳ ግን እንደ ጣቃ ጨርቅ አራት ማዕዘን አይደለም። የእግሩ ጫፍ ይጣላል። የሆዱ አካባቢ ስስና የሚለጠጥ ስለሆነ ለማንገቻ አይሆንም፤ ቦርሳው ሁለት ወር ሳይያዝ ማንገቻው ይረዝማል። የእኛ የበግ ቆዳ ደግሞ በልስላሴው የተመሰገነ ቢሆንም በጎቹን የሚይዘው እከክ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆዳው በጥሬው ሳለ የማይታየው ጠባሳ ከተለፋና ቀለም ከተቀባ በኋላ ይወጣል። የገፈፋ ቢላ የነካው ቦታም አለ፤ ከላይ ደህና መስሎ በጀርባው ሲያዩት ግማሽ ድረስ የተቆረጠ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ቆዳውን ገልብጣችሁ ጀርባውን በጣት ዳብሱ፤ ከዚያ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት።

ብክነታችሁን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። ቆዳውን ሳትቆርጡ መዝኑ፣ ቆርጣችሁ ስትጨርሱ የማይረባውን ቁርጥራጭ መዝኑ። ሁለት ኪሎ ቆዳ ግማሽ ኪሎ ቁርጥራጭ ከሰጠ ብክነቱ 25 በመቶ ነው። እዚህ ላይ ሌላ ስህተት አለ፦ ብዙ ሰው 5.3 ላይ 25 በመቶ ጨምሮ 6.6 ይገዛል። ብክነቱ የሚለካው ከተገዛው ቆዳ ስለሆነ 5.3ን ለ0.75 ማካፈል ነው የሚገባው፤ 7.1 ይመጣል። ልዩነቱ በአንድ ቦርሳ ግማሽ ስኩዌር ፊት አይሞላም፤ በአሥር ቦርሳ ግን አንድ የበግ ቆዳ ሊያህል ይችላል።

የበግ ቆዳ ትንሽ በመሆኑ 104 ሳንቲ ሜትሩ የጎን ቁራጭ ወጥ ሆኖ በአብዛኛው አይወጣበትም። መቀጠያው ቦርሳው ታች መሃል ላይ እንዲውል ከመጀመሪያው ቅዱ ላይ አስቡበት፤ የቅጥያውን ስፌትም ሰዓቱ ላይ ጨምሩ።

«ቤቴ ስለምሠራ ኪራይ የለብኝም»

ሳሎኑ መሥሪያ ሲሆን ኪራዩ አልጠፋም፤ ቤተሰቡ ነው የከፈለው። ሥራው አድጎ ክፍል መከራየት ግድ ሲል ዋጋውን በአንድ ጊዜ ከፍ ማድረግ ሊኖርባችሁ ነው፤ ያኔ ደንበኛ ይሸሻል። ከአሁኑ ትንሽም ብትሆን አስገቡት።

«ቆዳው የሀገር ውስጥ ስለሆነ የዶላር ዋጋ አይነካኝም»

ዚፑ፣ ቀለበቱ፣ ማግኔቱ፣ የናይሎን ክሩ፣ ማስቲሹ በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ፋብሪካው ቆዳውን የሚያለፋበት ኬሚካልም እንዲሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህን ያልተሰማው ሰፊ የለም። ችግሩ የሚመጣው ዋጋ የሚያወጡት ባለፈው ዓመት በገዙት ዚፕ ሲሆን ነው። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ስላለ ርካሽ መስሎ ይታያል፤ ቦርሳው ሲሸጥ ግን በተገኘው ብር ያንኑ ዚፕ መተካት አይቻልም። ስሌቱ ዛሬ መርካቶ ብትወርዱ በምትገዙበት ዋጋ ይሁን። የዕቃ ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ ማደስ ያስፈልጋል።

«ትንሽ ቅናሽ ገበያ ያመጣል»

«የመጨረሻው ስንት ነው?» ሲባል 20 በመቶ መቀነስ ቀላል ይመስላል። 3,250 ብር ላይ 20 በመቶ 650 ብር ነው፤ ቦርሳው በ2,600 ይሄዳል። ወጪው ግን 2,500 ላይ እንዳለ ነው። ከ750 ብር ትርፍ የቀረው 100 ብር ነው። በአንዱ ታገኙት የነበረውን ትርፍ ለማግኘት ከሰባት በላይ ቦርሳ ሰፍታችሁ መሸጥ ይኖርባችኋል።

ለሚከራከር ደንበኛ ዋጋውን ከመቁረጥ ሥራውን መቀነስ ይሻላል፦ የውስጥ ኪሱ የቀረበት፣ ማንገቻው የጥጥ ጥብጣብ የሆነ ሞዴል በአነስተኛ ዋጋ አዘጋጁ። ልዩነቱ ዓይን ላይ ስለሚታይ ቅር አይሰኝም። ብዛት ለሚገዛ መቀነስ ተገቢ ነው፤ አምስቱን አብሮ መቁረጥ ሰዓት ይቆጥባል። የተቆጠበውን ያህል ቀንሱ።

«ሱቁ 40 በመቶ ከወሰደ 40 በመቶ እጨምርበታለሁ»

በአደራ የሚቀበል፣ ማለትም ቦርሳው ሲሸጥ የሚከፍል ሱቅ 40 በመቶ ቢጠይቅ የሚወስደው ከመሸጫው ዋጋ ነው። 3,250 ላይ 40 በመቶ ጨምራችሁ 4,550 ብትለጥፉ ሱቁ 1,820 ብር ይወስዳል፤ የሚደርሳችሁ 2,730 ብር ነው። 3,250 እጃችሁ እንዲገባ 3,250ን ለ0.6 አካፍሉ፦ ወደ 5,400 ብር።

ገበያው በዚህ ዋጋ ካልገዛው ይህ ቦርሳ የሱቅ ቦርሳ አይደለም። በቀጥታ ሽጡት፣ ወይም በአራት ሰዓት የሚያልቅ ቀለል ያለ ሞዴል ለሱቅ ስፉ። አንዱን ቦርሳ ሱቅ ውስጥ በ5,400፣ በቴሌግራም በ3,250 መሸጥ ግን አያዛልቅም። ደንበኛው ሱቅ ገብቶ ነክቶ አይቶ፣ ፎቶ አንሥቶ ወደ እናንተ ይደውላል፤ ባለሱቁ በሰማ ቀን ዕቃችሁን ያወርዳል።

አደራው በጽሑፍ ይሁን፦ ስንት ቦርሳ፣ የየትኛው ሞዴል፣ ክፍያ በወሩ በስንተኛው ቀን፣ መስታወት ውስጥ ፀሐይ የመታው ቦርሳ ቀለሙ ቢለቅ ኪሳራው የማን እንደሆነ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ይረሳል፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው ግን በእሱ ነው።

«ዋጋ በኢንቦክስ ብል ደንበኛ ይመጣልኛል»

የሚመጣው ጥያቄ እንጂ ደንበኛ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዋጋ ስትነግሩ ትውላላችሁ፤ ብዙዎቹም ውድ መስሏቸው ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ዋጋውን ጻፉ፣ ልኩንም ጻፉ፦ ወርድ፣ ቁመት፣ ጎን፣ ማንገቻው ከትከሻ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚወርድ። «ላፕቶፕ ይይዛል» ማለት አይበቃም። ላፕቶፕ ላይ 15.6 ኢንች የሚባለው የስክሪኑ ሰያፍ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው ልክ ነው፤ የማሽኑ ወርድ ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ምሳሌ የያዝነው 35 ሳንቲ ሜትር ቦርሳ አይዘውም። እንዲይዘው ከተፈለገ የውስጥ ወርዱ 39፣ የዚፑ አፍም ከ37 ያላነሰ መሆን አለበት።

«ሽመና ጨርቅ ከቆዳ ይረክሳል፣ ቦርሳውም ይርከስ»

የጨርቁ የግዢ ዋጋ ብቻ አይታይ፤ ያልታጠበ የእጅ ሽመና ጥጥ ውሃ ሲነካ ይሰበሰባል። 30 በ30 ቆርጣችሁ ለብ ባለ ውሃ እጠቡ፣ ተኩሱ፣ እንደገና ለኩ። አንዱ ጎን 27 ከሆነ 10 በመቶውን ከፍላችሁበት አጣችሁት፤ ስሌቱ ላይ ይግባ። ሳይታጠብ ከተሰፋ ደንበኛው ባጠበው ቀን ጨርቁ ተሰብስቦ ገበሩ ተርፎ ይሸበሸባል። ቀይ ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጉት፤ ቀለም ከለቀቀ የደንበኛውን ነጭ ልብስ ያበላሻል።

«ልዩ ትዕዛዝ የተሻለ ያዋጣል»

አዲስ ቅድ የሚወጣለት ቦርሳ ሁለትና ሦስት ሰዓት ተጨማሪ ይፈልጋል፤ ካርቶን ቆርጦ መሞከር፣ አንዳንዴም በርካሽ ጨርቅ አንድ ጊዜ መስፋት አለ። ይህ ሰዓት ለብቻው ይከፈል። ቀብዱ ቢያንስ የዕቃውን ወጪ በሙሉ ይሸፍን፤ ግማሽ ዋጋ መቀበል የተለመደው ለዚህ ነው። ቀለሙን፣ ልኩንና የኪሱን ቦታ ጽፋችሁ ላኩና «እሺ» የሚል መልስ ሳይመጣ ቆዳው ላይ ቢላ አታሳርፉ። ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ለውጥ አዲስ ዋጋ ነው።

«ውጭ ያለ ሰው የተጠየቀውን ይከፍላል»

ለጥምቀት ወይም ለክረምት የሚመጣ ዘመድ አዲስ አበባ ካለችው እህቱ ጋር ዋጋ ያወራል። ለአንድ ቦርሳ ሁለት ዋጋ ሲሰማ ቅር የሚለው በቦርሳው ሳይሆን በሰፊው ነው። ለእሱ የሚጠቅመው ሌላ ነገር ነው፦ ሻንጣ ውስጥ ቅርጹ እንዳይበላሽ ወረቀት የተሞላ፣ የማስቲሽ ሽታው እንዲለቅ ጥቂት ቀን ነፋስ የተሰጠው፣ ክብደቱ የተጻፈበት ቦርሳ።

አሜሪካ ላለ ደንበኛ በፖስታ የምትልኩ ከሆነ የቀረጡን ነገር አስቀድማችሁ ንገሩት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው የአሜሪካ ሕግ፣ ከአጎዋ ውጪ ናት። ከ800 ዶላር የማይበልጥ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባበት የነበረው አሠራርም እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 2025 ቆሟል። ያልተነገረው ደንበኛ በሩ ላይ ክፍያ ሲጠየቅ ቦርሳውን አልቀበልም ሊል ይችላል፤ የመልስ ፖስታው ሂሳብ ያኔ ወደ ሠሪው ይዞራል።