"ስንት አመጣ?" የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በየቤቱ የምንሰማቸው ስህተቶችና እውነታው

ውጤት የወጣ ቀን ባሕር ዳር ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ ነው። ኔትወርኩ ይጨናነቃል። ሀይቅ ዳር ዛፍ ጥላ ስር የተሰበሰቡ ልጆች የመፈተኛ ቁጥራቸውን እየተለዋወጡ "እስቲ በአንተ ስልክ ሞክርልኝ" ይባባላሉ፤ ቤት ደግሞ እናት ቡናውን አቅርባ በር በሩን ታያለች። ከዚያ አንድ ቁጥር ይመጣል። ጎረቤት፣ አጎት፣ የሰፈር ባጃጅ ነጂ ሳይቀር የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ "ስንት አመጣ?"

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። በየዓመቱ የሰፈሬ ወላጆች ስልካቸውን ይዘው ይመጡና "ጋሼ፣ እስቲ አንብብልኝ" ይሉኛል። ውጤቱ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን በስህተት ስለተነበበ ብቻ አንገቱን የደፋ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ደጋግሜ የምሰማቸውን ልንገራችሁ።

"ሃምሳ ያላመጣ ሰነፍ ነው"

ይሄ በጣም ያመኛል። ቁጥሩን እንየው። ሃምሳ በመቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ የማለፊያ ነጥብ የሆነው ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት መቁረጫ ነጥቡ በየዓመቱ ይቀያየር ነበር። በ2014 ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት ከጠቅላላው ተፈታኝ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። ጥሩ በተባለው ዓመት እንኳን ከመቶ ተማሪ ከዘጠና በላይ የሚሆነው ሃምሳ አልደረሰም ማለት ነው። ታዲያ ይሄ ሁሉ ልጅ ሰነፍ ነው? የመምህር እጥረት፣ መጽሐፍ ያልደረሰው ትምህርት ቤት፣ ከታች ክፍል ጀምሮ የተከማቸ ክፍተት፣ ሁሉም እዚያ ቁጥር ውስጥ አለ። የክልላችን ልጆች ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸው ወራት ቆጥረዋል፣ የተኩስ ድምፅ እየሰሙ ያጠኑም አሉ። እባካችሁ፣ ልጁን ከመሳደባችሁ በፊት ይሄን አስቡ።

"ጠቅላላው ካነሰ ዝርዝሩን ማየት ምን ያደርጋል?"

እኔ ከሁሉም በላይ መናገር የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ወላጅ ጠቅላላውን አይቶ ስልኩን ያስቀምጣል። ዋናው ነገር ግን ዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ናቹራል የተማረ ልጅ በስድስት ትምህርት ይፈተናል፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ (የማገናዘብ ችሎታ ፈተና)፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ። ሶሻል ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በጂኦግራፊ፣ በታሪክና በኢኮኖሚክስ ይተካሉ። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል። ድምሩ ከ600 ነው፣ ማለፊያው 300። ብዙዎች በየትምህርቱ ሃምሳ ማምጣት ግዴታ ይመስላቸዋል። አይደለም፣ የሚታየው ድምሩ ነው።

አሁን ሁለት ልጆችን አስቡ። ሁለቱም 270 አመጡ። አንደኛው በስድስቱም 45፣ 45 ነው ያመጣው። ሌላኛዋ እንግሊዝኛ 66፣ ባዮሎጂ 62፣ አፕቲትዩድ 58፣ ኬሚስትሪ 34፣ ሒሳብ 26፣ ፊዚክስ 24። ድምራቸው አንድ ነው። የሚያስፈልጋቸው ግን በጭራሽ አንድ አይደለም።

ለምን? ፈተናው ምርጫ ነው፣ በየጥያቄው አራት ምርጫ አለ። ጥያቄውን ሳያነብ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ሰው በአማካይ ከአራት አንዱን ያገኛል። 25 ከመቶ! ስለዚህ የልጅቷ ሒሳብ 26 እና ፊዚክስ 24 "ትንሽ ይቀራታል" ማለት አይደለም። እነዚህን ሁለት ትምህርቶች ገና አልጀመረቻቸውም ማለት ነው። ክፉ ዜና ይመስላል። እኔ ግን ስልኩን ለእናትየዋ መልሼ ስሰጥ ደስ ብሎኝ ነው የምሰጣት፤ ምክንያቱም ልጅቷ ብልህ እንደሆነች ከሃምሳ በላይ የሆኑት ሦስት ቁጥሮች ይናገራሉ፣ ችግሩ ደግሞ የት እንዳለ በግልጽ ታውቋል። ሒሳብና ፊዚክስን ብቻ ወደ 45 ብታነሳቸው 310 ትገባለች። አንደኛው ልጅ ግን በሁሉም ትንሽ ትንሽ ነው የጎደለው፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ሲሆን እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ እንግሊዝኛ ንባቡና ስለ ሰዓት አጠቃቀሙ ነው። ጥያቄው ገብቶት መልሱን ሳያውቅ ቀረ ወይስ ጥያቄው ራሱ አልገባውም? ልጁን ጠይቁት፣ ይነግራችኋል።

"ክፍል ውስጥ 90 የሚያመጣ ልጅ 40 ሊያመጣ አይችልም፣ ተሳስተው ነው"

ይችላል። የክፍል ፈተና ያስተማረው መምህር ያወጣዋል፣ ባለፈው ወር ከተማረው ነው፣ አሳይመንትና የቡድን ሥራም ይደመርበታል። ብሔራዊ ፈተናው ግን የዓመታት ትምህርትን በጥቂት ቀናት ይጠይቃል። ከ2014 ተፈታኞች ወዲህ ደግሞ ፈተናው ከትምህርት ቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቷል፤ ዋናው ምክንያት ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ማስቀረት ነበር። ብዙው ልጅ ከቤቱ ርቆ፣ ዶርም አድሮ፣ የማያውቀው ሰው እየጠበቀው ነው የሚፈተነው።

ስህተት ፈጽሞ አይፈጠርም አልልም። በወረቀት ለሚፈተን ልጅ የመልስ ወረቀቱ በማሽን ነው የሚታረመው፣ በደንብ ያልጠቆረ ወይም ቁጥሩ የተሳሳተ ወረቀት ጣጣ አለው። ውጤቱ ጭራሽ ካልታየ ወይም የአንድ ትምህርት ነጥብ ከጎደለ ቅሬታ ማቅረቢያ አለ። ቀኑ ሳያልፍ አቅርቡ።

"አፕቲትዩድ አይጠናም"

ይጠናል። የቃላት፣ የማገናዘብና የቁጥር ጥያቄ ነው፣ በልምምድ ይሻሻላል። ከ100 ነው የሚታሰበው፣ ልክ እንደ ፊዚክስ። ፊዚክስን ለማንሳት ወራት ይፈጃል፣ ይሄኛው ግን ሰዓት ይዞ የቆዩ ጥያቄዎችን ለሚሠራ ልጅ ቶሎ ይከፍላል።

"300 አለፈ፣ እንግዲህ ዶክተር ሆነ"

እልል በሉ፣ ይገባዋል! ግን 300 በር ነው የሚከፍተው። የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚመደብ በነጥቡና በምርጫው ይወሰናል፤ እዚሁ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ ሊቀር ይችላል፣ ርቆም ሊሄድ ይችላል። ዲፓርትመንት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ፍሬሽማን፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት፣ ካለቀ በኋላ ነው። ፍሬሽማን በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ መጥቷል፣ እዚያ የሚያመጣው ውጤት ለምርጫው ትልቅ ድርሻ አለው። 310 ይዞ ገብቶ ፍሬሽማን ላይ ጠንክሮ የፈለገውን ያገኘ ተማሪ አለኝ። 400 ይዞ ገብቶ የተዘናጋም አለኝ።

"የእህቴ ልጅ አሜሪካ ስልሳ አመጣ፣ ያንተ አርባ"

የቡና ላይ ወሬ ነው፣ ግን ልጅ ይጎዳል። እዚያ ኤስኤቲ የሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ከ400 እስከ 1600 ነው ነጥቡ። ከነጥቡ ጋር ፐርሰንታይል የሚባል ቁጥርም ይሰጣል። ፐርሰንታይል 60 ማለት ከመቶ ተማሪ ስልሳውን ያህል ይበልጣል ወይም ይስተካከላል ማለት ነው። ስልሳ ጥያቄ መለሰ ማለት አይደለም። የእኛ 40 ደግሞ ከመቶ አርባ ማግኘቱን ብቻ ይናገራል፣ ከስንት ሰው እንደሚበልጥ አይነግረንም። በ2014ቱ ውጤት ሃምሳ ያመጣ ልጅ ከመቶ ዘጠና ስድስቱን ይበልጥ ነበር። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ኪሎን ከሜትር ማወዳደር ነው።

"ሪሜዲያል መግባት ውርደት ነው"

ማን እንዳስወራው አላውቅም። ሪሜዲያል፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሚወሰደው የማካካሻ ትምህርት፣ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው፣ ሃምሳ ሳይደርሱ ለተቃረቡ ልጆች። ከሃምሳ በታች የሆነ ሁሉ አይገባም፣ በየዓመቱ የራሱ መቁረጫ ነጥብ ይወጣለታል። ስለዚህ የተጠራ ልጅ ዕድል አግኝቷል። ጥቂት ወራት ተምሮ ይፈተናል፣ ካለፈ ፍሬሽማን ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ "አንተ ሪሜዲያል ነበርክ" ብሎ የሚጠይቅ መምህር የለም። መቁረጫው ካልደረሰው በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ይችላል፣ ቴክኒክና ሙያም አለ።

ዘንድሮ አንዲት የጎረቤቴ ልጅ እንዲሁ በግል ልትፈተን ወስናለች። እናቷ እትዬ ብላ የምትጠራቸው አሮጊት አክስት "ሁሉንም ከመጀመሪያው ታጥና" ብለው ነበር። ዝርዝሩን አብረን አየነው። እንግሊዝኛና ባዮሎጂ ይቆዩ አልን። ቅዳሜ ከሰዓት የ9ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ይዛ መጣች፣ ከእኩልታዎች ጀመርን።